በሐሰት የመሰከረው አሮጌ ዲስክ፦ የአንድ ላፕቶፕ የጉዳይ ጥናት

እትዬ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሲገቡ ገና ከበሩ ላይ ነገሩ ገባኝ። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ካስገባሁላቸው 9 ቀን ብቻ ነው የሆነው። በዚህ ሥራ ደንበኛ በ9ኛው ቀን ሊመርቅህ አይመለስም።

«ልጄ» አሉኝ ሳይቀመጡ። «የድሮው ያንቀላፋ ነበር እንጂ አይክደኝም ነበር። ይኼኛው ሲሮጥ ይውልና ድንገት ቀጥ ይላል። ትናንት መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ባለጉዳዩ ፊቴ ቆሞ፣ ደርቆ ቀረ። ምን ልበለው?»

እትዬ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ፍርድ ቤት አጠገብ በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል አቤቱታ፣ የመከላከያ መልስና ውክልና ይጽፋሉ። ላፕቶፑ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ያለ ቻርጀር አይነሳም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የተጫነበት ዊንዶውስ 7 ሲሆን ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አቁሟል። አዲስ ማሽን ቢገዙ አይሻልም ወይ ለሚል፣ እኔም መጀመሪያ ያልኳቸው ይህንኑ ነው። ችግሩ ያለው ፋይሎቹ ላይ ነው። የ10 ምናምን ዓመት ጽሑፋቸው ሁሉ በቪዥዋል ግዕዝ፣ ቪጂ 2 ሜይን በሚባለው ፎንት የተተየበ ነው። ያ ፎንት ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት የተሠራ ስለሆነ የአማርኛውን ፊደል በፈረንጅ ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሰነዱን ስትከፍተው «ለተከበረው ፍርድ ቤት» የሚለው የነጠላ ሰረዝ፣ የቅንፍና የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይመጣል። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ እሳቸው ግን አንድ ፊደል ተሳስቶ የሰው ስም ቢበላሽ ዳኛው ፊት የሚቆመው ባለጉዳዩ ነው ብለው አይነኩትም። እኔ ብሆንም አልነካውም ነበር። ስለዚህ ማሽኑ እንዳለ እንዲቆይ፣ ዲስኩ ብቻ እንዲቀየር ተስማማን።

ዲስኩን መቀየሩ ራሱ ስህተት አልነበረም። የድሮው 500 ጊጋባይት፣ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ነው። ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤንነት የሚይዙት ስማርት የሚባል መዝገብ አለ። በመዝገቡ 197ኛ መስመር ላይ፣ ማለትም ሊነበቡ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ የማከማቻ ክፍሎች) በሚቆጠሩበት ቦታ፣ 8 የሚል ቁጥር ተቀምጦ ነበር። ዛሬ 8 ያለ ዲስክ ነገ ስንት እንደሚል አይታወቅም። በ480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ልተካው ወሰንኩ። አዲሱ በመጠን ከአሮጌው ስለሚያንስ ክሎን ከማድረጌ፣ ማለትም ሙሉ ይዘቱን ወደ አዲሱ ከመገልበጤ፣ በፊት የሲ ክፍልፋዩን አጠበብኩት። እሳቸው የሚጠቀሙት 90 ጊጋባይት አካባቢ ብቻ ስለነበር ቦታ አልቸገረኝም።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውፍረቱ 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ ኤስኤስዲው 7። የ2.5 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ያንን የሚሞላው የፕላስቲክ ክፈፍ ደግሞ ከኤስኤስዲው ጋር አልመጣም። የስልክ ካርቶን ቆርጬ፣ አጣጥፌ፣ ከሥሩ ወተፍኩበት። ብሎኑን አሰርኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ማሽኑ በደቂቃ ውስጥ ተነሳ። እትዬም መረቁኝ። የ9 ቀኑ ታሪክ የጀመረው ከዚያ ነው።

ነጋዴውን ጠረጠርኩ

በደብተሬ ላይ የጻፍኩት ምልክት ይህ ነው። በቀን 3 እና 4 ጊዜ ማሽኑ ይደርቃል፤ አይጡ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ሁሉ ቆሟል፣ የዲስኩ መብራት ሳይርገበገብ በርቶ ይቀራል። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠዋት ሲያስነሱት ዲስክ የለም አለ፤ አጥፍተው ሲያበሩት ተገኘ።

እዚህ ገበያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ሐሳብ አንድ ነው፦ ዕቃው ፎርጂድ ነው። 480 ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 64 ወይም 120 የሆነ፣ የመቆጣጠሪያ ቺፑ እንዲዋሽ የተደረገ ኤስኤስዲ አለ። እንደዚህ ያለው ትክክለኛ አቅሙ እስኪሞላ ድረስ ጤነኛ መስሎ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ አዲሱን ከአሮጌው ላይ እየጻፈ ሁሉንም ያበላሻል። እትዬ በ9 ቀን የጻፉትን ወደ ፍላሽ አወጣሁና ኤስኤስዲውን ከላፕቶፑ ነቅዬ በዩኤስቢ መቀየሪያ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ኤፍ3 የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩን እስከ አፉ በ1 ጊጋባይት ፋይሎች ይሞላና የጻፈውን ራሱ መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። እኔ ጋር አዳሩን ፈጀ፤ መሀል ላይ መብራት ሄዶ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። ጠዋት ላይ ያየሁት ውጤት ንጹሕ ነው። የጠፋ የለም፣ የተቀየረ የለም፣ አቅሙም የተባለው ነው።

ስማርቱንም አየሁት። 5ኛው መስመር፣ ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮች የሚቆጠሩበት፣ ዜሮ ነው። 199ኛው መስመር 1,312 ይላል። ይህንን ቁጥር በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ዛሬም ገጹ ላይ አለ። ጻፍኩት እንጂ አላነበብኩትም። 5ኛው ዜሮ መሆኑን ካየሁ በኋላ ዓይኔ የሚፈልገውን ስላገኘ የቀረውን ዘለለው።

ዕቃው ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ሶፍትዌር ነው። ክሎኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ዊንዶውሱን ከባዶ ጫንኩ። ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ የሚቀድመው ቅንብር) ላይ ዲስኩ ኤኤችሲአይ በሚባለው የአሠራር ዘዴ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ነበር። የኢንቴልን የማከማቻ ድራይቨር ቀየርኩ። ዲስኩ ሥራ ሲፈታ መስመሩን ወደ እንቅልፍ የሚያስገባው የኃይል ቁጠባ በዚያ ዘመን ማሽኖች ላይ ኤስኤስዲን እንደሚያደርቅ አውቃለሁ፤ እሱንም አጠፋሁት። አንድ ሙሉ ቀን ከግማሽ በዚህ አለፈ። ደርቆ የመቅረቱ ነገር አልተወም። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ላይ 129 ቁጥር ያለው መልእክት ተደርድሯል፤ ትርጉሙ «ዲስኩ መልስ ስላልሰጠኝ እንደገና አስነሣሁት» ነው። ይህ ደግሞ ከሳሽን እንጂ ተከሳሽን አይነግርህም። መልስ ያልመጣው ዲስኩ ስላልመለሰ ነው ወይስ መልሱ መንገድ ላይ ስለቀረ?

ያኔ ጥያቄው እንደዚህ ጥርት ብሎ አልታየኝም። የታየኝ ሌላ ነው፤ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ መልሼ ላስገባውና ልየው። አስገባሁት። ከጠዋት እስከ ማታ ሠራ። ፊልም አጫወትኩበት፣ ትላልቅ ፋይሎች ገለበጥኩበት፣ ሆን ብዬ 10 ጊዜ አጠፋሁ አበራሁ። አንድም ጊዜ አልደረቀም። 129 የሚል መልእክት አንድም አልመጣም።

በቃ፣ ፍርድ ሰጠሁ። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ኬብል፣ ያው ሶኬት፤ የተቀየረው ዲስኩ ብቻ። አሮጌው ይሠራል፣ አዲሱ አይሠራም። ከዚህ የጠራ ማስረጃ ምን አለ? ኤስኤስዲው ጀርባ ላይ በማርከር «ብልሽት» ብዬ ጽፌ ወደ ነጋዴው ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ በዚህ ዕቃ እስካሁን የተመለሰብኝ የለም» አለ። ግን ደንበኝነታችን የቆየ ስለሆነ ብዙ አልተከራከረም፤ ከሌላ አምራች፣ ሌላ ሞዴል፣ ያው 480 ጊጋባይት ሰጠኝ። እየተቀበልኩት ራሱ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ ስለ ፎርጂድ ዕቃ ተናግሬያለሁ፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ገዢም ነበረ። ይህን ሳስብ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ሁለተኛው ኤስኤስዲ በገባ በ40ኛው ደቂቃ ደረቀ።

ሁለቱ ቁጥሮች

ከዚህ በኋላ ዊንዶውስን ተውኩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ ሲጨንቀው ዝም ይላል፣ ሊኑክስ ሲጨንቀው ይለፈልፋል። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ማሽኑን ከእሱ አስነሣሁና የከርነሉን (የሊኑክስ ዋና አንኳር ፕሮግራም) መዝገብ በአንድ መስኮት ከፈትኩ፤ በሌላው ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እንዲያነብ አዘዝኩ። ንባቡ በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ ሆኖ ተነሳ። ጥቂት ሰከንድ አልቆየም፤ መዝገቡ በቀይ መስመሮች ተሞላ። ማንበቢያ ትዕዛዙ ከሸፈ፣ የመስመሩ ፍተሻ ቁጥር አልገጠመም፣ ሊንኩ፣ ማለትም ዲስኩና ቦርዱ የሚነጋገሩበት መስመር፣ እንደገና ተነሳ። እንደገና ከሸፈ። እንደገና። ከዚያ ከርነሉ አንድ መስመር ጻፈ፦ የሳታ ሊንኩን ፍጥነት በ3.0 ጊጋቢት ገድቤያለሁ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ንባቡ በሰከንድ 270 ሜጋባይት ላይ ተረጋግቶ፣ አንድም ስህተት ሳያሳይ፣ የዲስኩ መጨረሻ ድረስ ሄደ። ስማርቱን ስጠይቀው በመግለጫው ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ዲስኩ የሚችለው ፍጥነት 6.0፣ አሁን ያለበት 3.0። 199ኛው መስመር ደግሞ ትናንት ከካርቶኑ ለወጣ ዲስክ 207 ደርሷል። የመጀመሪያው ኤስኤስዲ 1,312 ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ደብተሬን ገልጬ አየሁት። እዚያው ነበር፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ።

199ኛው መስመር የሚቆጥረው የሲአርሲ፣ ማለትም የዚያን የፍተሻ ቁጥር፣ ስህተትን ነው። አሰያየሙ ከአምራች አምራች ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። ጤፍ ከክፍለ አገር የሚልክ ሰው ጆንያውን መዝኖ ክብደቱን በወረቀት ጽፎ ከሹፌሩ ጋር እንደሚሰደው ማለት ነው። ተቀባዩ ደግሞ ይመዝናል። ካልገጠመ የጎደለው መንገድ ላይ ነው፤ የላኪው ጎተራ ነቅዞ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱና ሚዛኑ ተስማምተው የነቀዘው ጤፍ ይደርስ ነበር። 5ኛው መስመር የጎተራው ነው፤ 199ኛው የመንገዱ። ሚዛኑ ሲጎድል ተቀባዩ ድጋሚ ላክልኝ ይላል፤ ይህ በቅጽበት የሚያልቅ ስለሆነ እትዬ አያዩትም። ትዕዛዙ ራሱ ወይም የማለቁ ምልክት መንገድ ላይ ሲጠፋ ግን አንዱ ወገን እንደተጠየቀ አያውቅም፣ ሌላው መልስ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ የመጠበቂያው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ባለጉዳዩን ያቆመው ያ ግማሽ ደቂቃ ይህ ነው።

እሺ፣ መንገዱ ነው እንበል። ታዲያ አሮጌው ዲስክ በዚያው መንገድ ቀኑን ሙሉ እንዴት በሰላም ተመላለሰ? አሮጌውን መልሼ ሰክቼ ሊኑክስን አስነሣሁ። ገና ሲጀምር መዝገቡ ላይ የመጣው መስመር፦ ሊንኩ በ3.0 ጊጋቢት ተነስቷል።

አሮጌው ዲስክ 6 ጊጋቢትን አያውቅም። የሳታ ደረጃ 3 ትውልድ አለው፤ 1.5፣ 3 እና 6 ጊጋቢት በሰከንድ። ማሽኑ ሲነሳ ቦርዱና ዲስኩ ሁለቱም በሚችሉት ከፍተኛ ፍጥነት ይስማማሉ። የዚህ ላፕቶፕ ቦርድ የኢንቴል 7 ተከታታይ ቺፕሴት ስላለው 6 ይችላል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን 3 ብቻ። ስለዚህ ማሽኑ ከተሠራ ጀምሮ በዚያ ኬብል ላይ ከ3 በላይ ተጉዞ አያውቅም። ኤስኤስዲው ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ 6 ተጠየቀ። በ3 ጊጋቢት አንዲት ቢት 0.33 ናኖሰከንድ ትቆያለች፤ በ6 ግማሹን። መስመሩ ላይ ያለች ትንሽ መታጠፍ የምታስተጋባው ምልክት በ3 ላይ ሳይጎዳ ያልፋል፤ በ6 ላይ ግን ከሚቀጥለው ቢት ጋር ይቀላቀላል።

እኔ «ያው ላፕቶፕ፣ ያው ኬብል» ያልኩት ንጽጽር ከመሠረቱ እኩል አልነበረም። በኮረኮንች በ30 የሄደን መኪና በ60 ከሄደ ጋር አወዳድሬ የተንገጫገጨውን «ሾክ አብዞርበሩ ተበላሽቷል» ማለቴ ነው። አሮጌው ዲስክ አውቆ አልዋሸም። የተጠየቀው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ማስረጃው

አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ለመፍረድ ስለሚፈራ ሦስት ነገር አደረግኩ። ከርነሉ ሲነሳ ሊንኩን ከመነሻው በ3 ጊጋቢት እንዲገድብ አዘዝኩና 480 ጊጋባይቱን በሙሉ አነበብኩ፤ 30 ደቂቃ ገደማ ፈጀ፣ 199ኛው መስመር አንድ አልጨመረም። ገደቡን አንስቼ ስደግመው በደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ያንኑ ኤስኤስዲ በዩኤስቢ መቀየሪያ፣ ማለትም ያንን ኬብል ሳይነካ፣ አነበብኩት፤ ንጹሕ። ቦርዱ ወይስ ኬብሉ የሚለው ብቻ ቀረ።

ለዚያ ክዳኑን ከፍቼ ማሽኑን እየሠራ ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ይህን ሌላ ሰው እንዲያደርገው አልመክርም፤ ያደረግኩትም ብረት በሌለው ነገር፣ በስቴኪኒ ነው። ኬብሉ ክብ ሽቦ አይደለም፤ እንደ ፊልም የሳሳ፣ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው፣ ጥቁር ጥብጣብ ነው። ከቦርዱ ይነሳና በዲስኩ ቤት ጠርዝ ላይ በቀኝ ማዕዘን ታጥፎ ከዲስኩ ሥር ይገባል። መታጠፊያው ላይ በስቴኪኒዋ ጫፍ ሳር የመንካት ያህል ጫን አልኩ። የከርነሉ መዝገብ ተንጫጫ። ለቀቅኩት፤ ተረጋጋ። ጫን፤ ተንጫጫ። ሌላ ቦታ ስነካው ዝም። ሊንኩ በዚህ መካከል ወደ 1.5 ጊጋቢት ወርዶ ነበር፣ እዚያም አልቻለም።

አጥፍቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ኬብሉን አወጣሁትና በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት። መታጠፊያው ላይ ጥቁሩ ሽፋን ተልጦ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ መስመር ያብለጨልጫል፤ የዲስኩ ቤት የብረት ጠርዝ በትክክል እዚያ ጋ ነው የሚነካው። ከሥሩ ደግሞ የኔ የስልክ ካርቶን ያረፈበት ምልክት አለ። መላጡ የዓመታት ነው፤ ብረቱ ላይ የነበረው ጭረት አሮጌና አቧራ የያዘ ነበር። ግን ካርቶኑ ጥብጣቡን ወደ ጠርዙ እየገፋ ይጫነው እንደነበር አይካድም፤ ዲስክ በነቀልኩና በሰካሁ ቁጥርም አንዴ ጎትቼዋለሁ። ድርሻዬን በመቶኛ ልናገር አልችልም። የለኝም ግን አልልም።

ኬብል ፍለጋ

ላፕቶፕ የሚጠግን ሁሉ የሚያውቀው ሌላው ነገር፣ ብልሽቱን ማግኘትና ዕቃውን ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ጎረቤቴ ያለው ጠጋኝ ያው ሞዴል ቦርዱ የተቃጠለ ሬሳ ነበረው፤ ኬብሉን ፈቶ ሰጠኝ። ሙሉ ንባብ አደረግኩ፤ 11 ስህተት። ከኔው ኬብል ጋር ሲተያይ ምንም ነው፤ ቢሆንም ጤነኛ ኬብል ዜሮ ነው የሚያሳየው። የተወለደበት ዓመትም አጠፋፉም ያው ስለሆነ አልገረመኝም። ለእትዬ ማሽን 11 ይበቃል ብዬ ላስገባው እችል ነበር። ከአንድ ወር በኋላ በፌስታል ጠቅልለው ሲመጡ ታየኝና ተውኩት።

አዲሱን ዱባይ በሚመላለስ ሰው በኩል አዘዝኩ። እዚህ ላይ የላፕቶፑን ሞዴል ብቻ መንገር አይበቃም፤ ጥብጣቡ ላይ በነጭ የታተመውን የዕቃ ቁጥር ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። አንድ ሞዴል ሁለት ዓይነት ኬብል ሊኖረው ይችላል፤ በአንድ ሴንቲሜትር የሚያጥር ኬብል ደግሞ 3 ሳምንት ያስጠበቀህ ቆሻሻ ነው።

እስከዚያ ምን ይሁኑ? የዚህ ማሽን ባዮስ የሊንኩን ፍጥነት ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ የለውም። ዊንዶውስ 7ን ከዩኤስቢ ማስነሣት የተለመደ መንገድ አይደለም፤ እትዬ ላይ ሙከራ ማብዛትም አልፈለግኩም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ መልሼ አስገባሁላቸውና ማታ ማታ የዕለቱን ፋይል ወደ ፍላሽ እንዲገለብጡ አሳየኋቸው። ያ 8 ሴክተር አሁንም አለ።

ነገሩን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስለ ጊጋቢት ሳወራ ሰምተው ዝም አሉ። «አሮጌው ዲስክ ያንን ፍጥነት ተጠይቆ አያውቅም፤ ስለዚህ ስለ ኬብሉ መመስከር አይችልም ነበር» ስል ግን ነቃ አሉ።

«እንግዲያ በሰሚ ሰሚ የመሰከረ ምስክር ነው በለኛ» አሉኝ። «ነጋዴውን ይቅርታ ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቅኩትም ነበር።

ከተገጠመ በኋላ

ኬብሉ በ3 ሳምንቱ መጣ። የዲስኩን ቤት ጠርዝ በስስ አሸዋ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ብናኙን ጠርጌ በላዩ ናስትሮ ለጠፍኩ፤ ኬብሉን መታጠፊያው ላይ እንዳይሰበር በጣቴ ሳልጨምቅ አሳለፍኩት። በካርቶኑ ፋንታ ከሌላ ኤስኤስዲ ማሸጊያ የተረፈ የ2.5 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ክፈፍ ገባ። ሁለተኛው ኤስኤስዲ በዚያን ጊዜ፣ በሙከራዎቼ ብዛት፣ 199ኛው መስመሩ 583 ደርሶ ነበር። ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም፤ የምታየው መጨመር አለመጨመሩን ነው። ሊንኩ በ6 ተነሳ። ሙሉ ንባብ፣ አንድ ሩብ ሰዓት አካባቢ፤ 583። ደገምኩት፤ 583። ማሽኑን አንስቼ በቀስታ ነቀነቅኩት፣ ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁ፤ 583።

ዊንዶውሱን ከአሮጌው ዲስክ እንደገና ክሎን አደረግኩ። የ3 ሳምንቱ ሥራ እዚያ ስለሆነ የቀድሞውን ቅጂ መጠቀም አይቻልም ነበር። ትሪም (የተሰረዘ ፋይል ቦታ ባዶ መሆኑን ለኤስኤስዲው የሚነግረው ትዕዛዝ) መሥራቱን አየሁ፤ ይሠራል። ቪጂ 2 ሜይን ተከፈተ፣ «ለተከበረው ፍርድ ቤት» እንደ ወትሮው በአማርኛ መጣ። የኬብሉን ዋጋ እንጂ የእጅ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ስላልጠየቅኳቸው አልተገረሙም። በወሩ ወደ ሱቃቸው ጎራ ብዬ ራሴ አየሁት። 583። ክስተት 129 የለም። ባለጉዳይ ስለነበራቸው ቡና አልጠጣንም።

ነጋዴው ጋ የሄድኩት ኬብሉ በመጣ በማግሥቱ ነው። የመጀመሪያውን ኤስኤስዲ ለማንም አልሸጠውም፤ በኔው ማርከር «ብልሽት» የሚል ስለተጻፈበት መሳቢያ ውስጥ ጥሎታል። ዕቃው ጤነኛ እንደነበር፣ ጥፋቱ የኔ ንጽጽር እንደሆነ ነገርኩት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ገዢዎች ነበሩና ድምፄን እንደ ያን ጊዜው አደረግኩት። ሳቀ፣ «ታዲያ አሁን ማን ይገዛዋል?» አለ። እኔ ገዛሁት። አሁን የሙከራ ማሽኔ ውስጥ ነው፤ ጽሑፉን በአልኮል ብጠርገውም «ብል» የሚለው አልለቀቀም። 199ኛው መስመሩ ከ1,312 አልፏል።